ለቆመ ፊት የተነገረ

አገራችን ስም አላት። ስሟን ግን የስም መሥሪያ ቤት ለእድሳት ወስዶት እስካሁን ስላልመለሰው ለጊዜው «አገራችን» ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከተማችንም እንደዚያው ናት። የሰፈራችንን ስም ማንም ሊወስደው ስላልፈለገ ከእኛው ጋር ቀርቷል፤ ቁልቁለት ሰፈር ይባላል። ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ፍጥነት ነው። እንዲያውም በትክክል ለመናገር፣ ፍጥነት ስላልነበረበት ዘመን ነው። ያ ዘመን ይናፍቀኛል፤ ናፍቆቴን የምደብቅበት ዕድሜም አልፏል።

በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ወደ ሰፈራችን የሚገባው በአንድ መስመር ነበር። መስመሩ ከኮረብታው ይነሣና በየአጥሩ እየተንጠላጠለ፣ በእኛ ጣራ ጥግ አልፎ፣ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ እትዬ አስካለ ቤት ያበቃል። ከላይ ያሉት ከተጠቀሙበት ከታች ላሉት የሚደርሰው እንደ በጋ ምንጭ ጠብ ጠብ የሚል ነበር። ፎቶ ሲላክልን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ጠጉር ይመጣል፤ ቀጥሎ ግንባር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ይሄ የነማን ግንባር ነው?» እያለ ይከራከራል። ቅንድብ ሲመጣ ግማሹ ይረታል። አፍንጫ ላይ ሲደርስ መብራት ይጠፋል። አንድ ጊዜ እናቴ የወንድሟን ፎቶ ከአገጩ በላይ ብቻ አይታ «ወንድሜ ከስቷል» እያለች ስታዝን ሰነበተች፤ በኋላ አገጩ ሲመጣ ድርብ ሆኖ ተገኘ።

በቪዲዮ ሰው ማነጋገርማ የአንድ ቤት ጉዳይ አልነበረም። አንዱ ቤት ሲያይ ሌላው መልቀቅ አለበት፤ አለዚያ ለማንም አይበቃም። ስለዚህ አንድ ልማድ ወጣ። ከሩቅ ሰው የሚጠብቅ ቤት እንቅብ አውጥቶ በአጥሩ እንጨት ላይ ይደፋል። የተደፋ እንቅብ ትርጉሙ «የእኔ ባዶ ነው፣ የእናንተን አበድሩኝ» ማለት ነው። እንቅቡን ያየ ሁሉ መስመሩን ይዘጋና በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ለቀቅን!» ይላል። ያ «ለቀቅን!» ከላይ ጀምሮ ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉት ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

የለቀቀ ሰው ደግሞ መብት ነበረው። «የለቀቀ ያያል» ይባል ነበር። መስመርህን ከለቀቅህ በርጩማህን ይዘህ ትሄድና የመጣውን ሰው አብረህ ታያለህ። በዚህ ምክንያት በሰፈራችን ማንም ሰው ብቻውን ሰላምታ ተቀብሎ አያውቅም። ሚስቱን ሊቆጣ የደወለ ባል፣ ከሚስቱ ጀርባ ሽማግሌዎች በበርጩማ ተደርድረው ሲያይ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ይዘጋል። በዚያ ዘመን የፈረሰ ትዳር ትዝ አይለኝም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን መቆሙ ነበር። የሚያነጋግሩት ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ቪዲዮው ቀጥ ይላል። ድምፁ ይጠፋል፤ ፊቱ ባለበት ይቀራል፤ አንዱ አፉን እንደከፈተ፣ አንዱ ዓይኑን ግማሽ እንደጨፈነ። በሌላ አገር ሰዎች በዚህ ጊዜ ስክሪኑን ይመቱታል አሉ። እኛ አንመታም። የቆመ ፊት መፍታት በእኛ ዘንድ የታወቀ ጥበብ ነበር። ፈቺው ጋሽ ደገፋው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በበቅሎ ገበያ ጥርስ እያዩ ዕድሜ ይናገሩ የነበሩ፣ የበቅሎ ገበያው ሲቀዘቅዝ ወደ ሰው ፊት የተዛወሩ ሽማግሌ። «የሚንቀሳቀስ ፊት ይዋሻል፤ የቆመ ፊት የት ይሸሻል?» ይሉ ነበር።

እኅቴን እናንዬን ሊያጭ የፈለገው መንበሩ ከሩቅ ከተማ በቪዲዮ የቀረበ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት ነበር። ልጁ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ቆመ፤ ከንፈሩ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ወደ ጎን እንዳየ። ጋሽ ደገፋው በርጩማቸውን አስጠግተው መረመሩት።

«ስስታም ነው» አሉ። «ይቺን ከንፈር አያችኋት? እንግዳ ሲመጣ ሥጋውን ከድስቱ የሚደብቅ ሰው ከንፈር ናት።»

«ጆሮውስ ምነው እንዲህ ሰፋ?» አለች እናቴ።

«ጆሮ ምን አለበት» አለ አባቴ። «ልጅቷ ስትጠራው ይሰማታል።»

ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ቪዲዮው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሁላችንም በአንድ አፍ «ተመስገን፣ ደህና ነን!» አልን። ልጁ ፊቱ ቀላ ብሎ ነበር፤ የመስመሩ ቀለም ነው ብለን አለፍነው። ሠርጉ ዕለት መንበሩ ገና ከመቀመጡ ተነሣና ትልቁን ቅልጥም በገዛ እጁ ለጋሽ ደገፋው አቀረበ። ሲጨርሱ ሌላ ጨመረላቸው። በቃኝ ቢሉም አጎረሳቸው። ጋሽ ደገፋው አፋቸው እንደሞላ «ሰው ይለወጣል» አሉ፤ እኛም አመንን። መንበሩ ከዚያ በኋላ እዚሁ ሰፈራችን ቤት ሠርቶ ኖረ፤ ዝምተኛ ሰው ነው።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ፤ ነገሩ የእሳቸው ነውና። እትዬ አስካለ እንቅብና ሰፌድ እየሰፉ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በየአጥሩ ላይ የሚደፋው እንቅብ ሁሉ የእሳቸው እጅ ሥራ ነበር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትርንጎ። ወደብ አገር ሄዳ መርከብ የሚያስጭኑ ሰዎች ዘንድ ትሠራለች። እንድትሄድ የገፏት እናቷ ራሳቸው ናቸው። በሸኘናት ዕለት ሰፈሩ በሙሉ በተሰበሰበበት፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው «እኔን ብለሽ እንዳትመለሺ! ብትመለሺ በሬን አልከፍትልሽም!» አሏት። በሰው ፊት የተነገረ ቃል ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ አንዴ ከአፋቸው የወጣ ቃል የሚመልሱ ሴት አይደሉም።

ትርንጎ ስትደውል እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

«እንዴት ነሽ እማዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምን ጎደለሽ?»

«ምን ይጎድለኛል?»

ከዚያ ቪዲዮው ይቆማል። ልክ ሲቆም የእትዬ አስካለ ትከሻ ዝቅ ይላል። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይሉና ለቆመው ፊት ይናገራሉ። «ጣራው ያፈሳል ልጄ። አልጋዬን ወደ ጓዳ ጎትቼዋለሁ።» ሌላ ቀን ደግሞ «ጉልበቴን ብርድ ገብቶበታል።» ሌላ ቀን «ትናንት ያንቺን ቀሚስ ሳጥብ ዋልኩ። አልቆሸሸም ነበር።» እኛ በዚህ ጊዜ መሬት መሬት እናያለን። ይህንን ማንም አላስተማረንም፤ እንዲሁ ልማድ ሆነ። ቪዲዮው ሲንቀሳቀስ እትዬ አስካለ ቀና ይላሉ፤ «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!» ይላሉ።

የሚገርመው የኋላው ነው። ጣራው ያፈሳል ባሉ ሰሞን አንድ አናጢ ቆርቆሮ ተሸክሞ «ተልኬ ነው» ብሎ ከች አለ። ጉልበቴን ባሉ ጊዜ ከወደብ አገር እስከ ጉልበት የሚደርስ የሱፍ ካልሲ መጣ። እትዬ አስካለ ቅንጣት አልተገረሙም። «ለቆመ ፊት የነገሩት ልብ ይደርሳል» አሉ። «ጆሮ ሲዘጋ ልብ ይከፈታል።» ሰፈሩም ካልሲውን እየዳሰሰ አመነ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቁም ነገር ያለው ሰው ቪዲዮው እስኪቆም መጠበቅ ጀመረ። ሲንቀሳቀስ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ፣ ሲቆም ስለ ልብ ይወራል። እኔም ለታላቅ ወንድሜ ፊት የተናገርኩት አለ፤ እዚህ አልጽፈውም።

አንዲት ቃል ብቻ እትዬ አስካለ ለቆመ ፊት እንኳ ተናግረዋት አያውቁም። «ነይ» የምትለዋን።

ከዚያ ፍጥነት መጣ። የፍጥነት ቢሮ የሚባል ተቋቋመ፤ ለመቋቋም ረጅም ዘመን ፈጀበት። የፍጥነት ሹሙ ሲሄዱ ይሮጡ ነበር፤ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ግን የቢሮውን ግቢ ነበር የሚዞሩት። ቢሮው ሥራውን የጀመረው ምሳሌያዊ አነጋገር በማረም ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ጭራሹን ታገደ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተሻሽሎ «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሆነ። የዛሬ ልጆች የሚማሩት እንደዚያ ነው። ለምን እንደሚሄድ ሲጠይቁ አልሰማሁም።

ቀጥሎ ለየቤቱ የየራሱ መስመር ተዘረጋ። አልዋሽም፣ ፈጣን ነበር። ፎቶ ከነአገጩ ባንዴ ዱብ ይላል። ፊት አይቆምም፤ ድምፅ አይጠፋም። ነገር ግን ለየቤቱ የሚፈቀደው ለወር ተለክቶ፣ በጥቅል ነው። ጥቅሉን ወሩ ሳያልቅ የጨረሰ ቤት «ሆዳም ቤት» ተብሎ ይመዘገብና ይቀጣል። ቅጣቱ «ወደ ድሮ መመለስ» ይባላል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መስመሩ እንደ ቀድሞው ይንቀራፈፋል። ሰው ይህን ፈርቶ ፈጣኑን መስመር እንዳያልቅበት ሳይነካው ይኖር ጀመር። ጋሽ ደገፋው የበቅሎ ገበያ ቪዲዮ ይከፍታሉ፤ በቅሎዋ አፏን ልትከፍት ስትል ጥቅላቸው ትዝ ይላቸውና ይዘጉታል። ጥርስ ሳያዩ ከረሙ።

ጎረቤት ጥቅል እንዳይጠጣ ሁሉም በየመስመሩ ላይ የይለፍ ቃል አደረገ። እንቅቦቹ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሽንኩርት ተደረገባቸው። በርጩማዎቹ ከቤት አልወጣ አሉ። «ለቀቅን!» የሚል ድምፅ ጠፋ። የጎረቤቴ ልጅ መታጨቷን ከሌላ ሰፈር ሰው ሰማሁ፤ ያን ዕለት ምግብ አልወረደልኝም። ፊቱን ማን ፈታው? ጆሮውንስ ማን አየ? ልጅቱን እንዲሁ በደፈናው ሰጧት።

እትዬ አስካለ አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት የመጡት በዚህ መሃል ነው። አዲስ እንቅብ ይዘው ነበር። እንቅቡ ተጣሟል። እትዬ አስካለ የሰፉት እንቅብ ተጣሞ አያውቅም፤ ስለዚህ ገና ሳይቀመጡ ክፉ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ዓይኔ ነው» አሉኝ። «ሐኪሙ ከዳር ዳር ይጨልምና ወደ መሃል ይመጣል አለኝ። ከሄደ አይመለስም አለ።»

«ለትርንጎ ነገሯት?»

«በምን አፌ! ይሄ አዲሱ መስመር መች ይቆማል? ልጄ ፊቴ ላይ ተገትራ ታፈጥብኛለች። ቅንድቧ ሲነሣ አያለሁ። እንዳትመለሺ ያልኩ ሴትዮ፣ በሚያይ ዓይን ፊት እንዴት አድርጌ ነይ ልበል?»

«እኔ ልደውልላትና ልንገራት።»

«ሞክርና ደጄን ትረግጣታለህ!» አሉና እንቅቡን ጭናቸው ላይ አዟዟሩት። ቁጣቸው ወዲያው በረደ። «ድሮ ለቆመ ፊት የነገርኳት ሁሉ ደርሷል። አዲሱ መስመር ከገባ ወዲህ አንዲት ካልሲ መጥታ ታውቃለች? አትመጣም። ልብ የት ይሰማል በዚህ ጥድፊያ! አንድ ጊዜ ብቻ ይቁምልኝ። ልጄን በዓይኔ ሳላያት እንዳይጨልምብኝ።»

በነጋታው ጠዋት እትዬ አስካለን ይዤ ወደ ፍጥነት ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ሦስት መስኮቶች አሉት። በአንዱ ላይ «ፍጥነት አነሰብኝ»፣ በሁለተኛው «ፍጥነት በጣም አነሰብኝ»፣ በሦስተኛው «ፍጥነት ጭራሽ ጠፋብኝ» ተብሎ ተጽፏል። ሰልፍ ያልነበረበት መስኮት የመጀመሪያው ነበርና እዚያ ቆምን። የመስኮት ሹሙ ክራቫቱ በትከሻው ላይ የዞረ ጎልማሳ ነበር፤ ሲሮጥ የገባ ይመስላል።

«ምን ነበር?» አለን።

«ፍጥነት በዛብን፤ ይቀነስልን» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀበል መስኮት የለንም።»

«እዚሁ ቢቀበሉንስ?»

«እዚህ የምንቀበለው አነሰ የሚለውን ነው። አነሰብን በሉና ልመዝግባችሁ።»

«አነሰብን ብንል ምን ይደረግልናል?»

«ምንም።»

እትዬ አስካለ ከቤት ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እውነተኛ ልጅ ነው» አሉኝ። ከዚያ መስኮቱን ተደግፈው «ልጄ፣ ለአንድ ከሰዓት ብቻ እንደ ድሮው አድርግልኝ» አሉት።

ሰውየው ግራ ቀኝ አየ። «እማማ፣ ድሮ የሚገኘው በቅጣት ብቻ ነው።»

«ቅጣኛ!»

«ያላጠፋ እንዴት ይቀጣል? ጥቅልዎን ይጨርሱና ወዲያው ይቀጣሉ። ለቅጣት ፈጣኖች ነን።»

«ቅጣቱ ከባድ ነው?» አልኩ እኔ።

«የሚመጣላችሁን እናጠብበዋለን። ከእናንተ የሚሄደውን መመሪያው አይነካውም፤ ከዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ምን ቁም ነገር አለና?» አለና መስኮቱን ዘጋ። ሲሮጥ ሰማነው።

ጥቅል መጨረስ ግን ለአንዲት አሮጊት ቀላል አይደለም። እትዬ አስካለ በቀን አንዴ የአየር ሁኔታ ከማየት በቀር መስመራቸውን አይነኩትም። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከላይ ጀምሬ ከቤት ቤት ዞርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጋሽ ደገፋው ነው።

«ጥፋት እንድንሠራ ነው የምትጠራን?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ለአስካለ?»

«ለእትዬ አስካለ።»

«በርጩማዬን አቀብለኝ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ እትዬ አስካለ ቤት ገባ። ያልበቃው ደጅ ላይ ተቀመጠ። እትዬ አስካለ የይለፍ ቃላቸውን ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ተናገሩ፤ «ትርንጎ» ነበር። ከዚያ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን መጠጣት ጀመርን። ጋሽ ደገፋው የበቅሎ ገበያቸውን ከፍተው እስከ ጥርሱ ደረሱ፤ «አይ ዕድሜ! አሮጊት ናት፣ አታለሉት!» እያሉ ለገዢው አለቀሱለት። እናቴ የማታውቃቸውን ሰዎች ሠርግ ከሽማግሌ መላክ እስከ ሳህን ማጠብ አየች። መንበሩ ጥግ ይዞ የመርከብ ቪዲዮ ያያል። አንዱ የሌላውን ስክሪን ያያል፤ ይተቻል፤ ይሳሳቃል። ቆሎ ዞረ። የታጨችው የጎረቤቴ ልጅ የእጮኛዋን ፎቶ ይዛ መጣችና ጋሽ ደገፋው ፈቱላት፤ «አንኮራፊ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም» ሲሏት ፊቷ በራ። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ያንን ጫጫታ ስሰማ ምን ያህል ከስሬ እንደኖርኩ ገባኝ።

እሁድ ቀትር ላይ በእትዬ አስካለ ስልክ መልእክት መጣ። «ሆዳም ቤት ሆነዋል። ወደ ድሮ ተመልሰዋል» ይላል። ሴቶቹ እልል አሉ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ የተጣመመውን እንቅብ አንሥተው ወጡና አጥሩ ላይ ደፉት። ጥቅም አልነበረውም፤ መስመሩ የየራስ ነው፣ ማንም ለማንም የሚለቀው የለም። ሆኖም ከላይ፣ ጉልበታቸው አልችል ብሎ ከቤት የቀሩ አንድ ሽማግሌ «ለቀቅን!» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ባለው ቤት ለጥበቃ የቀረው ተቀበለ። ሌላው ተቀበለ። ድምፁ ቁልቁለቱን ወርዶ እትዬ አስካለ ደጅ ደረሰ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

ትርንጎ ደወለች። ፊቷ ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ግንባሯ።

«እንዴት ነሽ እማዬ? ዛሬ ደግሞ ሰው በዝቷል!»

«ደህና ነኝ። ለጨዋታ መጥተው ነው።»

«ምን ጎደለሽ?»

«ምን ይጎድለኛል?»

እንዲህ እያሉ ቆዩ። ቪዲዮው ይንገጫገጫል እንጂ አይቆምም። ቢሮው ቅጣት ላይም ይዋሻል እንዴ ብዬ ስሰጋ፣ ድንገት ቀጥ አለ። ትርንጎ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ እንዳለ ቀረች። ጋሽ ደገፋው ሊፈቱ አፋቸውን ሲከፍቱ እናቴ በክርኗ ጎሰመቻቸው። እትዬ አስካለ ጠጋ አሉ። እኛ መሬት መሬት አየን።

«ትርንጎ» አሉ። «ዓይኔ እየሄደ ነው ልጄ። ዳር ዳሩ ጨልሟል፤ አሁን አንቺን የማይሽ በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። እንቅብ አጣምሜ ሰፋሁ። ያን ዕለት አውቶቡሱ ጋ እንዳትመለሺ ያልኩሽ፣ እንደዚያ ካላልኩሽ አትሄጂም ብዬ ነው። በሬን አልከፍትም ያልኩትን ተዪው። በሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ነይ። ዓይኔ ሳለ ነይ።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት እንደ ቆመ ነው፤ ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ከውስጡ ግን ድምፅ መጣ።

«እመጣለሁ እማዬ።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ቆሟል እኮ!» አሉ ደንግጠው።

«የቆመው አንቺ ጋ ነው» አለ ድምፁ። «እኔ ጋ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጣራውንም፣ ጉልበትሽንም፣ ቀሚሴን ማጠብሽንም፣ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። ድሮም ስታወሪ እሰማሽ ነበር። ይሄ ፈጣኑ መስመር ከገባ ወዲህ ነው ድምፅሽ የጠፋብኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እንደምሰማሽ ብታውቂ ትናገሪ ነበር?»

እያንዳንዱ ሰው በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ለቆመ ፊት ምን ምን እንዳለ ማስታወስ ጀመረ። እኔ ወንድሜን አስታወስኩ፤ ለቆመ ፊቱ ከነገርኩት ቀን ወዲህ ሲደውል ለምን እንደዚያ እንደሚሳሳልኝ ገባኝ። ጋሽ ደገፋው ቀስ ብለው ወደ ጥጉ ዞሩ፤ መንበሩ ተቀምጧል።

«አንተም?» አሉት።

«ጆሮዬ ሰፊ አይደል» አለ መንበሩ። እናቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች።

ያኔ ቪዲዮው መንቀሳቀስ ጀመረ። ትርንጎ እያለቀሰች ነበር፤ እንባዋ አገጯ ደርሷል። እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው ቀና አሉ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ። «ምን ያስለቅስሻል? እኔ ደህና ነኝ!» አሏት።

ከዚህ ወዲህ በየወሩ አንድ ቤት እናስቀጣለን። እንደ ዕቁብ በዕጣ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ቤት ጥቅሉን ሁላችንም ገብተን እንጨርስለታለን፣ ወደ ድሮ ይመለሳል፣ የልቡን መናገር የፈለገ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። የቆመ ፊት እንደሚሰማ አሁን እናውቃለን። ቢሆንም ለእሱ መናገር ይቀላል። የፍጥነት ቢሮ ሰፈራችንን «የሆዳሞች መንደር» ብሎ መዝግቦታል አሉ፤ ስም በሚወሰድበት አገር ስም የተጨመረልን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ትርንጎ የመጣችው ከዝናቡ በፊት ነው። እኛ አውቶቡሱ ጋ ልንቀበላት ወጥተን ነበር፤ እትዬ አስካለ ግን ከቤት አልወጣም ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ትርንጎ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች፤ እኛ ሻንጣዋን ይዘን ከኋላ። እናቷ እግር ሥር ተንበርክካ ልትስማቸው ስትል፣ እትዬ አስካለ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ከቀረችው የዓይናቸው ብርሃን ፊት ለፊት አደረጓት።

«እስቲ አትንቀሳቀሺ» አሏት።

ትርንጎ ቀጥ አለች። ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ እንዳለ። እትዬ አስካለ ጠጋ አሉና መናገር ጀመሩ። እኛም ሻንጣውን አስቀምጠን መሬት መሬት አየን።